ጋሽ ሰይድና ሬናቴ

የጋሽ ሰይድን ሞት የሰማሁት በቴክስት ነው። ሥራ ቦታ ጓንቴን አውልቄ ምሳዬን ማይክሮዌቭ ውስጥ እንዳስገባሁ ስልኬ ነዘረ። ልጃቸው ሐያት ናት። በእንግሊዝኛ፣ በአንዲት መስመር፣ አባቷ ጠዋት እንዳረፉ ጽፋ ከሥሩ ለጸሎት የተገጠሙ ሁለት እጆች አድርጋበታለች። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነው። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ጎረቤት ይመካከራል፣ ትልቅ ሰው ይመረጣል፣ በማለዳ ተሰብስቦ በሩ ይንኳኳል። እኔን ያረዳኝ የሚጮህ ማይክሮዌቭ ነው። ሐዘኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ምሳዬን እዚያው ትቼው ወጣሁ።

በኋላ ልጅቷን ይቅር አልኳት። ሚኒሶታ ያደገ ልጅ መርዶ አነጋገር ከየት ይማራል?

ጋሽ ሰይድ የደሴ ሰው ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በየቀኑ የሚላጩ፣ ከልጆች ኮት መደብር የተገዛ የሚመስል ሰማያዊ ጃኬት የማይለያቸው ሽማግሌ። የተዋወቅነው ሮቢንስዴል አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ፣ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ በሚታጠብበትና በሚቀቀልበት ክፍል ነው። እኔ አዲስ ተቀጣሪ፣ እሳቸው አሠልጣኝ። የመጀመሪያ ቀን አንድ መቀስ አነሡና ጆሮዬ አጠገብ ከፈት ዘጋ አደረጉት።

«ሰማሽ?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«አልሰማሽም። አብሽሪ፣ ትሰሚያለሽ።»

እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። «ጋሽዬ፣ እኔ የመጣሁት መቀስ ላጥብ እንጂ ዘፈን ልሰማ አይደለም» አልኳቸው። ሳቁ። ወሎዬ ሲስቅ ከነትከሻው ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ሰማሁት። ደህና መቀስ ሲዘጋ ሹክ ይላል፣ ማጠፊያው የላላ ደግሞ ይንጫጫል።

ዕውቀታቸው ሁሉ የሚጀምረው ከብሎን ነበር። «ብሎን ስትገጥሚ» ይሉኛል፣ «መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙሪው። ጠቅ ይላል። ቦታዬን አገኘሁ ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ወደፊት። ዝም ብሎ ከገባ ልክ ነው፤ ከጮኸ አውጪውና እንደገና ጀምሪ።» ይህን ለብሎን ብቻ ቢሉት ምን ነበር! ለሁሉ ነገር ይሉታል። ከባሌ ጋር ተጣልቼ ፊቴን ቋጥሬ ስገባ፣ «መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ገኒ። ወደ ኋላ ሳታዞሪው ነው ያጠበቅሽው» ይሉኛል። ክፍላችን ውስጥ ያሉት ላይቤሪያዊም ሶማሌም «ሰይድ ስክሩ»፣ ሰይድ ብሎኑ፣ እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። እሳቸው ግን ለምን ተሾፈብኝ ብለው አይቆጡም። ሲቆጡ የሚሳደቧት አንዲት ስድብ ነበረቻቸው፦ «አንተ የመጋረጃ ዘንግ!» ይህች ስድብ ከየት እንደመጣች የገባኝ መኪናዬ ውስጥ ነው።

ሁለታችንም ብሩክሊን ሴንተር እንኖር ስለነበር፣ ዓይናቸውን ሞራ እየሸፈነው ሐይዌይ ላይ መንዳት ሲያቆሙ ማመላለሱ የኔ ሆነ። መንገዱ አጭር ነው። ታሪካቸው ግን ረጅም ስለሆነ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነበር የሚደርሰኝ። ልክ ልቤ ሲሰቀል ፓርኪንግ እንገባና፣ «የቀረውን ስንመለስ» ብለው ይወርዳሉ።

ታሪኩ የራሳቸው አይደለም፤ የአንድ ካሜራ ፋብሪካ ነው። ጀርመን አገር ያለ፣ ማንም የማያውቀው፣ ከተዘጋ ረጅም ዘመን ያለፈው ፋብሪካ።

«ጦርነቱ ሲያልቅ» ብለው ይጀምራሉ፣ ልክ እዚያ እንደነበሩ፣ «ሄር ብሬንድል የሚባል ሰው ከምሥራቁ በኩል ሚስቱንና አንድ ሻንጣ ይዞ በእግሩ መጣ። ሻንጣው ውስጥ ልብስ እንዳይመስልሽ። ሞረድ፣ የእጅ መሰርሰሪያ፣ አጉሊ መነጽር።»

«ሚስትየዋ ልብሷን በምን ያዘች ታዲያ?»

«በላይዋ ለብሳው ነዋ! ሻንጣውን የተሸከመችውም እሷ ናት፤ እሱ እግሩን ታሞ ነበር።»

ባልና ሚስቱ አንዲት ትንሽ ከተማ ሲደርሱ ጣራው የተቃጠለ የውሃ ወፍጮ አገኙ። እዚያው ገቡ። ከወደቀ አውሮፕላን በተለቀመ ብረት መጀመሪያ የሲጋራ መለኮሻ፣ ቀጥሎ የስፌት መኪና መለዋወጫ ሠሩ። ከዚያ ሄር ብሬንድል ከጦርነቱ በፊት የሚያውቀው ሥራ መነጽርና ካሜራ ነበርና አንዲት ትንሽ ካሜራ አወጣ። ስሟን ሬናቴ አላት፣ በሚስቱ ስም። ሻንጣውን ስለተሸከመችለት።

«ሸክሙን ቢያግዛት አይሻላትም ነበር?» ስላቸው ጋሽ ሰይድ ትንሽ ያኮርፋሉ። በሬናቴ ቀልድ አይወዱም።

ፋብሪካው ሁሌም ትንሽ እንደሆነ ነው የኖረው። ሠራተኞቹ በሙሉ ለፎቶ ሲቆሙ ያቺ የወፍጮ ቤት ደረጃ ትበቃቸው ነበር ይሉኛል። ብዙዎቹ ባሎቻቸው በጦርነቱ የቀሩባቸው ሴቶች ናቸው። አንድ እግሩን ያጣ ሰውዬ ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ ሞላ ሲመዝን ይውላል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች አንዱ ሠራተኛ ብሎን፣ ሌላው መስታወት እያሉ ሲቀባበሉ፣ እዚህ አንዲትን ሬናቴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚገጥማት አንድ ሰው ነው። ገጥሞ ሲጨርስ፣ ላይኛውን ክዳን ከመዝጋቱ በፊት፣ ገዢ በማያየው በውስጠኛው በኩል በመርፌ ምልክቱን ይጭራል። የክፍል አለቃው ማይስተር ክላውስ ዓሣ። ፍራው ሂልደ የምትባለው ሴት ቅጠል።

ጋሽ ሰይድ አዲስ አበባ ቴክኒክ ሲማሩ ጎበዝ ናቸው ተብለው ለሥልጠና የተላኩት እዚያ ነው። ሲደርሱ ጠረጴዛው አገጫቸው ላይ መጣ። ጀርመኖቹ ሳቁ። ማይስተር ክላውስ ወጥቶ ከእንጨት ጓሮ ሦስት እግር ያላት በርጩማ ሠርቶ መጣና ከሥራቸው አደረገላቸው። ለረጅም ጊዜ ግን የካሜራ ዕቃ ከማጠብ በቀር ምንም አልሰጧቸውም። በመጨረሻ ካሜራ እንዲገጥሙ ሲፈቀድላቸው ምልክት ምረጥ ተባሉ።

«እና ምን መረጡ?» አልኳቸው።

«በርጩማ ነዋ። ሌላ ምን አለኝ?»

ብዙም አልገጠሙ። ፋብሪካው ማብቂያው ላይ ነበር። ከጃፓን ርካሽና ጥሩ ካሜራ እየገባ፣ ሬናቴን የሚገዛት በዚያ አካባቢ የሰፈረው የአሜሪካ ወታደር ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ሄር ብሬንድል እያንዳንዱ ጠረጴዛ ጋ እየሄደ ሠራተኞቹን በእጁ ጨበጠና «ጠመንጃ መፍቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ» አለ። ካሜራ ለመፍታት በቀጭኑ የተሞረደች፣ ጫፏ ከመርፌ ትንሽ የምትሰፋ መፍቻ ናት። ጋሽ ሰይድ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሱዳን፣ ከሱዳን ሚኒሶታ ይዘዋት መጡ። ቁልፋቸው ላይ ነበር የምትንጠለጠለው።

«ወፍጮ ቤቱስ ምን ሆነ?»

መስኮቱን እያዩ፣ «የመጋረጃ ዘንግ ይሠሩበታል» አሉኝ። ያን ያህል የተሰበረ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና ጋሽ ሰይድ የሟቾች ዕቃ የሚሸጥባቸውን ቤቶች የምንዞረው ለዚህ ነበር። ሬናቴን የገዙት ወታደሮች አገራቸው ገብተዋል፤ ከእነሱ ውስጥ የሚኒሶታ ልጆች ነበሩ፤ አሁን አርጅተው እየሞቱ ነው፤ ሲሞቱ ዕቃቸው ቤቱ ውስጥ ተደርድሮ ይሸጣል። ጋሽ ሰይድ ከካሜራዎቹ አንዲቱን፣ በርጩማዋ ያለችባትን ማግኘት ይፈልጋሉ። ሹፌሯ እኔ ነኝ።

እኔ በበኩሌ የሞተ ሰው ዕቃ ገዝቶ ቤት ማስገባት አይሆንልኝም። እናቴ ብትሰማ ጸበል ትረጨኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ መኪናዬ ውስጥ በሬን ቆልፌ እጠብቃቸው ነበር። ቀስ በቀስ ብርዱ ሲያስገባኝ አብሬያቸው ገባሁ፤ ከገባሁ ወዲያ አንድ ከባድ የብረት ድስት ወደድኩ፣ ድስቱ ክዳን ፈለገ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቤቴ የሙታን ዕቃ ግምጃ ቤት ሆነ። ጋሽ ሰይድ ግን በቀጥታ ወደ ካሜራዎቹ ነው። ሬናቴ ያገኙ እንደሆነ ባለቤቶቹን አስፈቅደው፣ ቁልፋቸውን አውጥተው፣ ክዳኗን ይከፍታሉ። «የክላውስ ናት» ይላሉ ዓሣውን አይተው። ወይም «ሂልደ፣ አላህ ይማራት።» ከዚያ ጠርገው፣ ብሎኑን ወደ ኋላ አዙረው፣ ጠቅ አድርገው፣ ዘግተው ይመልሷታል። በርጩማዋ ግን የለችም።

ልጃቸው ሐያት ይህን አትወድም ነበር። ኢገን በሚባለው ከተማ የምትኖርና እዚያው አንድ ትልቅ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ፣ ቁጥብና ጨዋ ልጅ ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ቀን አባቷ ሶላት ሲሰግዱ ወደ ኩሽና ጠራችኝና፣ «አንቲ ገኒ፣ ፕሊዝ ዶንት ኢንከሬጅ ሂም» አለችኝ፤ አባቴን አታደፋፍሪብኝ ማለቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ስለበርጩማው ሰምታለች። የሌሎቹ ልጆች አባቶች ሁሉ፣ ራሳቸው እንደሚያወሩት፣ አገር ቤት አንበሳ ገድለዋል፣ አንዳንዱም ጄኔራል ነበር። የሷ አባት ደግሞ ጀርመን አገር ካሜራ ሠርቷል። «ሂ ዎሽድ ፓርትስ» አለች፣ ዕቃ ነበር የሚያጥበው ለማለት። «ዛትስ ኦኬ። አይ ላቭ ሂም ኤኒዌይ።» ሳሎን ወጥተን ሳይ ጋሽ ሰይድ ስግደታቸውን ጨርሰው ቁጭ ብለዋል። መስማታቸውን አውቄያለሁ። ያን ቀን መኪና ውስጥ ታሪክ አልነገሩኝም፤ «አንዲት ብቻ፣ ገኒ። አንዲት ብቻ አግኝቼ ለሐያት ሳላሳያት አላህ አይውሰደኝ» ብቻ አሉ።

ያገኘናት ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን ሊጨርስ ሲል፣ ሮቢንስዴል ውስጥ፣ አንድ ጋራዥ በር ላይ ነው። ሽያጩ የሟች ዕቃ እንኳ አይደለም፤ ባለቤትየዋ ወደ ትንሽ አፓርታማ ልትገባ ስለሆነ የምታራግፈው ነው። ሎሬን ትባላለች። ከጋሽ ሰይድ ብዙ የምታንስ አይመስለኝም፤ በእንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለ አንቺ ብዬ ለመድኳት እንጂ። ሬናቴ ከገና መብራቶች አጠገብ ተቀምጣለች።

ጋሽ ሰይድ አስፈቅደው ከፈቷት። እጃቸው ቆመ። ካሜራዋን ወደ ብርሃን አዞሩ፣ ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ። ከዚያ ወደኔ ዘረጓት።

«ገኒ፣ ዓይኔ ነው ወይስ አለች?»

አየሁ። ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ፣ አንዲት መስመር ከላይ፣ ሦስት እግር ከታች። «በርጩማ ናት! ጋሽ ሰይድ፣ በርጩማዋ ናት!» ብዬ ጮህኩ፤ ድስት የሚያገላብጡ ሰዎች ሁሉ ዞሩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ነገሩን ለሎሬን በተሰባበረ እንግሊዝኛ እየተቀባበልን ስንነግራት እጇን ጉንጯ ላይ ጫነች። ባሏ ሮጀር ወታደር ሳለ የገዛት ናት። «ጥሩ ካሜራ ነበረች» አለች። «በረዶ ብቻ አትወድም። ውጪ ይዘናት እንደወጣን ትቆማለች። ሮጀር ኮቱ ውስጥ ያሞቃታል፤ ምንም። በኋላ ተውነው፣ እሷ የበጋ ካሜራ ናት አልን።» ከዚያ አልበሙን አምጥታ አሳየችን። ሐይቅ፣ ጀልባ፣ ቲማቲም፣ ልጆች በውሃ ቱቦ ሲራጩ፣ ዓሣ የያዘ ሮጀር። ገልብጠን ገልብጠን አንድም በረዶ የለም። «የዚህ አገር ልጆች አይመስሉም» ብላ ሳቀች ሎሬን። «ዊንተር ያላዩ ልጆች።»

እኔም ሳቅኩ። ጋሽ ሰይድ አልሳቁም። ካሜራዋን ጠግኜ ላምጣልሽ ብለው ለመኗት፤ እሺ አለች።

መኪና ውስጥ እየዘለልኩ ነበር። «በሉ በቀጥታ ኢገን እንሂድ! ለሐያት እናሳያት!»

«አይሆንም» አሉኝ።

«እንዴት አይሆንም? ስንት ዘመን የፈለጓት ለዚሁ አይደል?»

ካሜራዋን ጭናቸው ላይ አገላበጧት። ከዚያ፣ ታሪኩን ሁሉ ሲነግሩኝ ያልነገሩኝን አንዱን ነገሩኝ። ሻተር የሚባለው፣ ፎቶ ሲነሣ ለቅጽበት ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ጥርሶቹ የሚቀቡት ከውሃ በሚቀጥን ዘይት ነው። ካሜራ መግጠም ሲፈቀድላቸው ያ ዘይት አልቆ ነበር። ማይስተር ክላውስ «እስኪመጣ ጠብቅ» አላቸው። እሳቸው ግን ያን ያህል ጊዜ ዕቃ ሲያጥቡ ኖረው ያቺን በርጩማ የሚጭሩበት ቀን መጣ። መጠበቅ አልቻሉም። ለሌንሱ ማዞሪያ ከሚሆነው ወፍራም ዘይት ጠብ አደረጉባት። ሞቃት ክፍል ውስጥ ሲሞክሯት ሠራች፤ ቀጥለው የገጠሟቸውንም እንዲሁ አደረጉ።

«ደሴም ብርድ አለ» አሉኝ። «ግን ዘይት የሚያቆም ብርድ አላውቅም ነበር። በኋላ ክላውስ አንዲቱን መስኮት ላይ አሳድሯት ቆማ አገኛት። ሌሎቹ ግን ተሽጠው ሄደዋል። አልተቆጣኝም። ‹ወደ ኋላ ሳታዞር አጠበቅህ› ነው ያለኝ።»

ያቺ ንግግር የማን እንደሆነች ያን ጊዜ ገባኝ። እኔን ሲመክሩኝ የኖሩት ራሳቸው በተመከሩበት ነው።

«ለክብሬ የምፈልጋት መሰለሽ አይደል?» አሉ። «ይኸው የሴትየዋን ዊንተር ወስጄባታለሁ። ልጆቿን በበረዶ አላየቻቸውም። ይህን ይዤ ነው ለሐያት አባትሽ ካሜራ ሠራ የምላት? በብርድ ስትሠራ ካየኋት፣ ያን ጊዜ አሳያታለሁ።»

ወላሂ፣ አንጀቴን በሉት። እኔ እንኳ እስላም አይደለሁም፤ ወላሂ ማለቱ ከሳቸው ጋር ስውል የተጋባብኝ ነው።

ጥገናው ቀላል አልነበረም። ዓይናቸው ሞራ፣ ጥርሶቹ ደግሞ ከጤፍ የማይተልቁ። ያን ወፍራም ዘይት በቤንዚን አጥበው፣ አድርቀው፣ አዲሱን በመርፌ ጫፍ አስነኩት። ያላዩትን በጆሮ ሰሙት። ሦስቴ ገጥመው ሦስቴ ፈቱ። ሐያት ስትመጣ ካሜራዋን ፎጣ ውስጥ ይደብቋታል፤ እሷም ሌላ ቆሻሻ የሰበሰቡ መስሏት ትቆጣለች። እኔ መሐል ሆኜ ምላሴን እየነከስኩ ዝም አልኩ። ለኔ ዝም ማለት ምን ያህል ሥራ እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል።

ጥር አጋማሽ ላይ፣ ትምህርት ቤቶች ሁሉ በብርድ የተዘጉበት ዕለት ደወሉልኝ። «ዛሬ ነው» አሉ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ዛሬ ውሻ እንኳ አይወጣም! መኪናዬ ባትሪዋ አልቆ ጃምፕ አድርገን ነው ያስነሣናት!»

«ለዚህ ነዋ ዛሬ የሆነው!»

ሎሬን ገና ወደ አፓርታማው አልተዛወረችም ነበር። ጋሽ ሰይድ ፊልም ካጎረሷት በኋላ ሬናቴን በረንዳው አጥር ላይ፣ በረዶው መሐል አስቀመጧትና በሩን ዘጉት። «ይብረዳት» አሉ። ሦስታችን ኩሽና ተቀምጠን በመስኮቱ እናያት ጀመር፣ ታማሚ እንደሚጠብቅ ሰው። ሎሬን የኩባያው ግርጌ የሚታይበት ቡናና የራሷን ጣፋጭ ቆራርጣ አቀረበች። ጋሽ ሰይድ ቡናውን «ቬሪ ጉድ» አሉ፤ የዋሹበት ብቸኛው ጊዜ ነው። እኔ በቃ፣ በርዷታል፣ እንውጣ እላለሁ። «ትንሽ ትቆይ» ይላሉ። ደግሜ እላለሁ። «ገኒ፣ ወደ ኋላ!» ይሉኛል።

በመጨረሻ ወጣን። ጓንታቸውን አወለቁ። ሻተሯን ቀርፋፋ ፍጥነት ላይ አደረጉትና ሎሬንን ከፖስታ ሳጥኗ አጠገብ፣ የበረዶ አካፋዋን አስይዘው አቆሟት። ተነፈሱ። ነኳት። «ዝዝዝ» አለች ሬናቴ፣ ከዚያ «ጠቅ»። ደግመው አነሡ። አሁንም ጠቅ። ጋሽ ሰይድ ካሜራዋን ደረታቸው ላይ ይዘው አለቀሱ፤ እንባቸው ሽፋሽፍታቸው ላይ ነጭ ሆነ። ሎሬንም ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ ካሜራዋን ከእጃቸው ወስዳ «አሁን ደግሞ አንተ» አለችና በረዶው ላይ እኔንና እሳቸውን አነሣችን። እሳቸው ለፓስፖርት እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብለዋል። እኔ እየሳቅኩ ነው።

ካሜራዋን አልወሰዱም። «ያንቺ ናት» አሏት። «ፊልሙን በበረዶ ጨርሺው። ሲታጠብ አምጪልኝ፣ ለልጄ የማሳያት አለኝ።» ስንመለስ መኪና ውስጥ መንገዱን ሙሉ ያንጎራጉሩ ነበር። ደስ ያለው ሰው ማለት የዚያን ቀኑ ጋሽ ሰይድ ናቸው።

ሎሬን ፊልሙን አሳጥባ ሳታመጣላቸው፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ሞቱ። ልባቸው ነው አሉ። በእስልምና ሬሳ አይቆይምና በማግስቱ ተቀበሩ። ኢገን፣ የሐያት ቤት ለተዕዚያ፣ እኛ ለቅሶ ለምንለው፣ በሰው ሞላ፤ በሩ ላይ የጫማ ክምር፣ ሶፋው ላይ የወሎ ሽማግሌዎች፣ እኛ የብሩክሊን ሴንተር ክርስቲያኖች ጥግ ጥጉን። ለሎሬን የደወልኩላት እኔ ነኝ። ልጇ እየነዳ አመጣት። በር ላይ ቆማ ጫማውን አየችና እሷም ቡቷን ማውለቅ ጀመረች። በአንድ እጇ ፖስታ፣ በሌላው ሬናቴን ይዛለች።

ፎቶዎቹን ለሐያት ሰጠቻት። በረዶ የለበሰ ጥድ፣ ከጣራ የተንጠለጠለ በረዶ፣ የልጅ ልጇ በሸርተቴ ስትወርድ፣ ሎሬን ራሷ ከነአካፋዋ። ቀጥሎ እኔና ጋሽ ሰይድ። የሐያት ዓይን ያቺ ፎቶ ላይ ቀረ።

«ሁ ቱክ ዚስ?» አለች።

«እኔ» አለች ሎሬን። «በአባትሽ ካሜራ። እሱ ነው የሠራት።» አስጠግታ አስቀመጠችላት።

ሐያት ወደኔ ዞረች። ነገርኳት፣ ከነዘይቱ፣ ከነፎጣው፣ ለምን እንደደበቋት ጭምር። ተነሥታ ገባችና የአባቷን ቁልፍ ይዛ ወጣች። መፍቻዋ አሁንም እዚያው ተንጠልጥላለች። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ሐያት ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትታ ሻይ ማስቀመጫው ላይ ደረደረችና ክዳኑን አነሣች። ረጅም ጊዜ አየችው። በርጩማዋን በጥፍሯ ነካቻት።

«ኢት ዋዝ ትሩ» አለች። እንባዋ መጣ። «አንቲ ገኒ፣ ኦል ኦፍ ኢት?»

«ሁሉም፣ ልጄ።»

ስታለቅስ ማንም አላባበላትም፤ ሎሬን ብቻ ጉልበቷን ያዘቻት። ሲበቃት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ ክዳኑን መለሰች፣ የመጀመሪያዋን ብሎን አንሥታ ቀዳዳዋ ላይ አቆመችና ወደ ኋላ አዞረቻት።

ጠቅ አለች።

ከዚያ ወደፊት። ብሎኗ ዝም ብላ ገባች።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

ሐያት ቀና ብላ አየችኝ። ጥያቄዬ ምን እንደሆነ የገባት አልመሰለኝም።

«ብሎን ሌላ እንዴት ይገጠማል?» አለች፣ በአማርኛ።